የአውቶቡስ የጨዋታ ቦርሳ፦ አሠራሩና አጨዋወቱ

ልጅ ይዞ ረጅም መንገድ የሚሄድ ሰው የሚቸገረው ጨዋታ አጥቶ ሳይሆን የያዘው ጨዋታ እየተበተነበት ነው። ሾፌሩ ፍሬን ሲይዝ የዳማው ጠጠር ወንበር ሥር ይገባል። ኮረኮንች ሲመጣ የገበጣው ባቄላ ከጉድጓዱ ይዘላል። ጠመዝማዛው ላይ ደግሞ አንገቱን ደፍቶ ሲጫወት የቆየው ልጅ ፊቱ ይገረጣል፣ ቀጥሎ ያስመልሰዋል። ከዚያ በኋላ ዝም እንዲል ስልክ ይሰጠዋል። ስልኩም ያው አንገት ያስደፋል፤ ባትሪውም እስከ ምሳ አይደርስም።

ስለዚህ ቦርሳውን ስታዘጋጁ ስለ እያንዳንዱ ጨዋታ የምትጠይቁት ጥያቄ አንድ ነው፦ ይህ የሚወጣው የትኛው መንገድ ላይ ነው? ቀጥ ባለ አስፋልት ላይ እጅና ዓይን የሚይዝ ጨዋታ ይሆናል። ጠመዝማዛና ቁልቁለት ላይ የሚሆነው በአፍ የሚሠራ ብቻ ነው። መኪና ቆሞ ምሳ ሲበላ ደግሞ መሬት ላይ የሚጫወቱት ይፈለጋል። ይህን ሳይለዩ ሁሉንም በአንዴ ጭን ላይ የዘረገፉ እንደሆነ ቦርሳው አንድ ሰዓት አይቆይም።

ቦርሳው ውስጥ የሚገባው

ከረጢቱ 30 በ35 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ አፉ በገመድ የሚሳብ ጨርቅ ይሁን። አሮጌ የትራስ ልብስ ይበቃል። ዚፕ ባይኖረው ይመረጣል፤ ዚፕ በሚንቀጠቀጥ መኪና ውስጥ ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ ሲቸኩሉ ደግሞ ጨርቅ ይነክሳል። ባለ ገመዱ በአንድ እጅ ይከፈታል፣ እጀታ ካለበት ወንበር ላይም ይንጠለጠላል።

• የጨርቅ ዳማ ከ34 የኮት ቁልፎች ጋር
• ባለ 12 ጉድጓድ የገበጣ ትሪ፣ 52 ፍሬ ባቄላ (48ቱ ለጨዋታ፣ 4ቱ መጠባበቂያ)
• 23 የፊደል ካርዶች
• ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ የመስኮት ካርድ
• አንድ ባለ ካሬ የሒሳብ ደብተር፣ ሁለት አጫጭር እርሳስ
• 1 ሜትር ከ80 የሆነ የጥጥ ክር፣ አምስት ጠጠር
• ሎሚ፣ ሶፍት፣ ሁለት ፌስታል

የመጨረሻው መስመር ጨዋታ ባይሆንም ከላይ ይቀመጥ፤ ሲፈለግ በአስቸኳይ ነው የሚፈለገው።

እያንዳንዱ ዕቃ የየራሱ ትንሽ ከረጢት ይኑረው፤ ከረጢቱ ላይ ደግሞ ቁጥሩ በማርከር ይጻፍበት፦ «34»፣ «52»፣ «23»። ከመኪና ከመውረድ በፊት ልጁ ቁጥሩን አንብቦ ይቆጥራል። ይህን ሥራ ለትንሹ ልጅ ይስጡት፤ ትልቁ ይሰለቸዋል፣ ትንሹ ግን ሹመት ይመስለዋል።

ከ3 ዓመት በታች የሆነ ሕፃን አብሮ ካለ ቁልፉም ባቄላው እሱ አጠገብ አይወጣም። ቁልፍ ጉሮሮ ይዘጋል፤ ባቄላ ደግሞ አፍንጫና ጆሮ ውስጥ የመግባት ልማድ አለው፤ እርጥበት ካገኘ አብጦ ለማውጣት ያስቸግራል።

የማይንሸራተት ዳማ

ሰፈር ውስጥ ዳማ በቆርኪ ነው የሚጫወቱት፤ አንዱ ፊቱን፣ አንዱ ጀርባውን አድርጎ። ለአውቶቡስ ግን ቆርኪ አይሆንም። ስፋቱ 3 ሴንቲ ሜትር ስለሚያልፍ ሰሌዳው ከጭን በላይ ይሰፋል፤ ጠርዙ ይቧጭራል፤ በዚያ ላይ በትንሽ ንዝረት ይሄዳል። መፍትሔው ቬልክሮ ነው፦ በልጆች ጫማ ላይ ሲላቀቅ ጭርር የሚለው ማያያዣ። ሁለት ፊት አለው፤ አንዱ ሻካራ፣ አንዱ ለስላሳ።

የሚያስፈልገው፦ 30 በ30 የሆነ የጂንስ ጨርቅ (ያረጀ ሱሪ ይሆናል)፣ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቬልክሮ 1 ሜትር ከነጥንዱ፣ ባለ አራት ቀዳዳ የኮት ቁልፍ (2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ከሁለት ቀለም 14፣ 14፣ ከየቀለሙ 12ቱ ለጨዋታ 2ቱ መጠባበቂያ፤ ተለቅ ያለ ከሁለቱም ቀለም 3፣ 3)፣ ጠንካራ ክርና መርፌ፣ ማስመሪያ፣ የካርቶን ቁራጭ፣ ኮላ። በእጅ ለሚሰፋ ሰው የሁለት ምሽት ሥራ ነው።

1. በጨርቁ መሐል 24 በ24 የሆነ ካሬ ይሥሩና በየ3 ሴንቲ ሜትሩ ያስምሩ። 8 በ8፣ 64 ቤት ይወጣል። ዙሪያውን የሚተርፈው 3 ሴንቲ ሜትር ለዕጥፋት ነው።

2. የቬልክሮውን ለስላሳ ፊት 2 በ2 አድርገው 32 ቦታ ይቁረጡ፤ 64 ሴንቲ ሜትር ይወስዳል። በዳማ የሚረገጡት 32 ቤቶች ብቻ ስለሆኑ ቤቱን ቀለም መቀባት አያስፈልግም፤ ጥቁሩ ቬልክሮ ራሱ ቤት ነው። አንድ ቤት እየዘለሉ በዙሪያቸው ይስፏቸው።

ኮላ የሚቀል ይመስላል፤ አይቀልም። ኮላው ወደ ለስላሳው ፀጉር ይሰርግና ያደርቀዋል፤ ከዚያ ሻካራው የሚይዘው ነገር ያጣል። በሙቀት የሚቀልጠው ዓይነት ኮላ ደግሞ አዋሽ አካባቢ ፀሐይ የመታው መኪና ውስጥ ሲቀመጥ መልሶ ይለሰልሳል።

3. ሻካራውን ፊት 1 በ1 አድርገው 34 ቦታ ይቁረጡ። ሪባኑ 2 ሴንቲ ሜትር ስፋት ስላለው መሐሉን ከከፈሉት 17 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። እያንዳንዱን በቁልፉ አራት ቀዳዳዎች አሳልፈው ከቁልፉ ሥር ይስፉ፤ ቋጠሮው በቁልፉና በቬልክሮው መካከል ተደብቆ ይቅር። ከላይ ከቀረ በጥፍር ይፈታል።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው መጠኑን ነው። ሻካራው 2 በ2 ከሆነ በጣም ይይዛል፤ ልጁ አንድ ቁልፍ ሲያነሳ ሰሌዳው አብሮ ይነሳና የተቀረው ይናጋል። 1 በ1 ሲሆን በሁለት ጣት ይላቀቃል፣ ሰሌዳው ተገልብጦም ይይዛል። ሻካራው ሰሌዳው ላይ፣ ለስላሳው ቁልፉ ላይ ከሆነም ሌላ ጣጣ አለ፦ ሰሌዳው የሹራብ ክር፣ የነጠላ ጥለት፣ ፀጉር ሁሉ እየነከሰ በሁለተኛው ጉዞ መያዝ ያቆማል።

4. ካርቶኑን 23 በ23 አድርገው ሁለት ይቁረጡ። የአንዱ ሽንትር ወደ ጎን፣ የሌላው ወደ ታች እንዲሄድ አጠላልፈው በኮላ ያጣብቁ፤ በአንድ አቅጣጫ የሄደ እንደሆነ ጭን ላይ እንደ መጽሐፍ ይታጠፋል። ከባድ ዕቃ ጭነውበት ይደር።

5. የጨርቁን ዙሪያ ወደ ኋላ አጥፈው፣ ከሥሩ ሌላ ቁራጭ ጨርቅ አድርገው ሦስቱን ጎን ይስፉ፤ አራተኛው ክፍት ሆኖ ካርቶኑ እንደ ትራስ ይገባበታል። ጨርቁ ሲቆሽሽ ካርቶኑ ወጥቶ ይታጠባል።

በቆርኪ ሲጫወቱ የነገሠውን ጠጠር ሌላ ቆርኪ ደርበው ያሳውቃሉ፤ በቬልክሮ ግን አይደረብም። ትልልቆቹ ቁልፎች ለዚህ ናቸው፤ ጫፍ የደረሰው ትንሽ ቁልፍ በትልቅ ይለወጣል። ከመጀመራችሁ በፊት በሁለት ነገር ተስማሙ፦ የነገሠው ርቆ ይሄዳል ወይስ አንድ ቤት ብቻ? መብላት ያለበት ሳይበላ ቢያልፍ ምን ይሆናል? የሰፈር ደንብ ይለያያል፤ የአጎት ልጆች አብረው የሚጓዙ ከሆነ ጠቡ የሚነሳው እዚህ ላይ ነው።

ገበጣ ከእንቁላል ትሪ

እንቁላል የሚሸጥበት ባለ 30 ትሪ 5 በ6 ነው። ሁለቱን ረድፍ በመቀስ ሲቆርጡ 2 በ6፣ ማለትም 12 ጉድጓድ ያለው ገበጣ በእጅዎ ነው። ፕላስቲኩ ይሻላል፤ የወረቀቱ ላብ ሲነካው ይላላል። በየጉድጓዱ 4 ባቄላ ይገባል። ሽምብራ አይውሰዱ፤ ክብ ስለሆነ ከወደቀ አይገኝም። ባቄላ ጠፍጣፋ ስለሆነ የወደቀበት ይቀራል።

የገበጣ ደንብ ከአገር አገር ይለያያል፣ ሦስት ረድፍ ያለውም አለ። ለመንገድ አጭሩን ይያዙ፦ ተጫዋቹ ከራሱ ረድፍ አንዱን ጉድጓድ አንስቶ ወደ ቀኝ አንድ አንድ እያደረገ ይዘራል፤ የራሱ ረድፍ ሲያልቅ በባላጋራው ረድፍ ይዞራል። የመጨረሻዋ ባቄላ ፍሬ ያለበት ጉድጓድ ከገባች ያንን አንስቶ ይቀጥላል። ባዶ ላይ ካረፈች ተራው ያልቃል፤ ያ ባዶ ጉድጓድ የራሱ ከሆነ ፊት ለፊቱ ያለውን የባላጋራውን ይወስዳል። አንዱ ረድፉ ሲራቆትበት ሌላው በረድፉ የቀረለትን ለራሱ ያነሳል፤ ብዙ የሰበሰበ ያሸንፋል።

ገበጣ በሚሄድ መኪና ላይ የሚሆነው መንገዱ ጥሩ ሲሆን ብቻ ነው። ኮረኮንች ሲጀምር ባቄላውን ለማዳን አይታገሉ። ደብተሩ ላይ ሁለት ረድፍ አድርገው የ12ቱን ጉድጓድ ቁጥር ይጻፉ፣ ከሥሩ ሁለቱ የበሉትን፤ ድምሩ 48 መሆኑን አይተው ሁሉንም ወደ ከረጢቱ ይመልሱ። መንገዱ ሲስተካከል ከዚያው ይቀጥላሉ። መደመሩ ራሱ ለሦስተኛ ክፍል ልጅ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው።

የመስኮት ካርድ

ይህ ልጁን አንገቱን ቀና አስደርጎ ወደ ውጭ የሚያሳይ ስለሆነ ከቦርሳው ዕቃ ሁሉ ለሆድ የሚስማማው እሱ ነው። የኤ4 ግማሽ የሆነ ጠንከር ያለ ወረቀት ይውሰዱ፤ የብስኩት ካርቶን ጀርባው ጥሩ ነው። ረጅሙ ጎን 21 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። በግራና በቀኝ ጠርዝ በየ2 ሴንቲ ሜትር ተኩሉ፣ 2 ሴንቲ ሜትር ወደ ውስጥ በመቀስ ይቁረጡ፤ በየጎኑ 8፣ በጠቅላላው 16 ምላስ ይወጣል። የሚታጠፍበትን መስመር ቀለም በጨረሰ እስክሪብቶ ጫን ብለው ያስምሩ፤ አለዚያ ምላሱ ሲታጠፍ ጠማማ ሆኖ ይቀደዳል። በየምላሱ አንጻር አንድ ነገር ይጻፉ፤ ፊደል ላልለየ ልጅ ይሳሉለት። ልጁ ያየውን ምላስ ያጥፋል። እርሳስ የለም፣ የሚወድቅ ነገር የለም።

የሚጻፈው ነገር የዚያ መንገድ መሆን አለበት። ወደ ጅማ ከሆነ በቾ ሜዳ ላይ የጤፍ ማሳ፣ ከወሊሶ ወዲያ እንሰት፣ ወደ መጨረሻው ቡና ይገባል። ወደ ድሬዳዋ ከሆነ ግመልና ባቡር ሐዲድ፤ ወደ ሐዋሳ ከሆነ ሐይቅ፣ ግራርና ዓሣ ሻጭ። ወራቱንም ይቁጠሩ፦ መስከረም ላይ አደይ አበባ፣ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ የእህል ክምርና አውድማ። ለሁሉም መንገድ የሚሆኑት የፈረስ ጋሪ፣ ቦቴ፣ ሚናር፣ የቤተ ክርስቲያን ጉልላት፣ ጭነቱ የተንጋደደ አይሱዙ፣ በጆንያ የቆመ ከሰል፣ ዶሮ የያዘ ሰው ናቸው። ከ16ቱ 10 ያህሉ በቀላሉ የሚገኙ፣ 4ቱ መጠበቅ የሚያሻቸው፣ 2ቱ ዕድል የሚጠይቁ ይሁኑ። ሁሉም ቀላል ከሆነ ሰበታ ሳይርቅ ያልቃል፤ ሁሉም ከባድ ከሆነ ልጁ ካርዱን ጥሎ «መቼ ነው የምንደርሰው?» ይጀምራል።

መስኮት ጋ የተቀመጠው ልጅ ሁልጊዜ ይቀድማል። ስለዚህ የካርዱን ግራ ጠርዝ በግራ መስኮት ለሚታየው፣ ቀኙን በቀኝ ለሚታየው ያድርጉና ልጆቹ እንደ አንድ ቡድን ይሙሉት፤ ወይም በየፌርማታው ወንበር ይለዋወጡ።

የፊደል ካርዶች

«ስም፣ አገር፣ እንስሳ፣ ዕቃ» የማያውቅ የለም። ችግሩ ፊደል አመራረጡ ነው። 33ቱንም ከረጢት ውስጥ ከከተቱ ጨዋታው በጰ እና በዠ ላይ ይሞታል። መጀመሪያ በድምፅ የሚደጋገሙትን ያውጡ፦ ሐ እና ኀ ከሀ ጋር፣ ሠ ከሰ፣ ዐ ከአ፣ ፀ ከጸ ጋር አንድ ይቆጠራሉ። አምስት ወጣ። ከዚያ ቃል የማይገኝላቸውን ያውጡ፦ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጰ፣ ፐ። ሌላ አምስት። 23 ይቀራል። ከብስኩት ካርቶን 3 በ3 አድርገው 23 ካርድ ይቁረጡና በየካርዱ ግዕዙን ብቻ ይጻፉ።

ደንቡ በቤት ነው እንጂ በአንድ ፊደል አይደለም። በ ከወጣ በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ፣ ቤ፣ ብ፣ ቦ ሁሉ ይሠራል፦ ብርቱካን፣ ባሕር ዳር፣ በግ፣ ባልዲ። ግዕዙን ብቻ ካሉ ልጆቹ በሁለተኛው ዙር ይታክታቸዋል። አውቶቡስ ውስጥ ባይጽፉ ይሻላል፤ ካርዱን አውጪው ጮክ ብሎ ይጠራል፣ ቀድሞ አራቱንም የሞላ ካርዱን ይወስዳል። ሲመሽም ይሆናል።

በነዚሁ ደንቦች ላይ ደግሞ የቃል ሰንሰለት ይጫወታሉ፤ ለዚህኛው ካርድም አያስፈልግም። አንዱ ቃል ይላል፤ ቀጣዩ ቃሉ ባለቀበት ፊደል ቤት የሚጀምር ቃል ያመጣል፦ ቤት፣ ተራራ፣ ረቡዕ፣ እንጀራ፣ ሩዝ፣ ዝንጀሮ፣ ርግብ፣ በሶ። አማርኛ ብዙ ቃል በሳድስ ስለሚጨርስ «የመጨረሻው ፊደል ራሱ ይሁን» ካሉ ሁሉም በት እና በን ይወጠራል። ቤቱ ይበቃል። በተጨማሪ ሦስት ማጠሪያ ይትከሉ፦

በ«ነት» የሚጨርስ ቃል አይፈቀድም። ብልጥ ልጅ ሰውነት፣ ልጅነት፣ ደግነት እያለ ባላጋራውን በተ ላይ ቸንክሮ ያስቀረዋል። የብዙ ቁጥር «ኦች»ም እንዲሁ አይፈቀድም፤ ሁሉን ወደ ቸ ይነዳል። በኛ የሚጨርስ ቃል (ሐኪም ቤት ገብቶ «በሽተኛ» የሚል አይጠፋም) ወደ ነ ይዞራል፤ ዠም ወደ ዘ። እነዚህ ከሌሉ ሰንሰለቱ ከአሥር ቃል አያልፍም፤ ካሉ ግን ከተማ ለከተማ ይደርሳል።

ውጭ አገር ተወልደው አማርኛ የሚሰሙ ግን የማይናገሩ ልጆች ከአያት ጋር ሲጓዙ፣ ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን በሚወስደው ረጅም በረራ ላይ ለምሳሌ፣ ካርዶቹ ሌላ ሥራ አላቸው። አያት አንድ ካርድ ታወጣለች፤ ልጁ በዚያ ቤት የሚጀምር፣ ከተቀመጠበት የሚታይ ነገር ይጠራል፦ መስኮት፣ ወንበር፣ ውሃ፣ ጫማ። ባይሆንለት በሚችለው ቋንቋ ይናገር፤ አያት በአማርኛ ትመልስለታለች። 23ቱን መጨረስ ግዴታ የለም፤ አምስት በቂ ነው።

ለጠመዝማዛው፦ እንቆቅልሽ

ማቅለሽለሽ የሚመጣው ዓይንና ጆሮ ሲጣሉ ነው። የውስጠኛው ጆሮ ሰውነት እንደተወዛወዘ ይናገራል፤ ጭን ላይ ያለውን ሰሌዳ የሚያይ ዓይን ደግሞ ምንም አልተንቀሳቀሰም ይላል። ከ2 እስከ 12 ዓመት ያሉት ልጆች ከሁሉ ይልቅ ይቸገራሉ። ስለዚህ ቁልቁለቱ ከመጀመሩ በፊት፣ ሲጀምር አይደለም፣ ሰሌዳና ደብተር ወደ ከረጢት ይመለሳል፤ ልጁ ወደ ፊት፣ ሩቅ ወዳለው መንገድ እያየ በአፉ ይጫወታል። ጀርባ መቀመጫ ላይ ያለ ልጅ ይበልጥ ይናጣል፤ ትኬት ሲቆርጡ ከመሐል ወደ ፊት ያለውን ወንበር ይጠይቁ።

እንቆቅልሽ እዚህ ላይ የሚተካከለው የለም። ጠያቂው «እንቆቅልሽ!» ይላል፤ ተጠያቂዋ «ምን አውቅልህ!» ትመልሳለች። ካቃታት «አገር ስጪኝ» ይላታል። ለመንገድ የምትሰጠው አገር ግን እንደ ቤቱ የፈለገችው አይደለም፤ መኪናው ገና ያልደረሰበት፣ ቀጥሎ የሚመጣው ከተማ ነው። ወሊሶን ከሰጠች እሱ «ወሊሶ ገብቼ ምን አጥቼ!» ብሎ ያገኘውን ሁሉ ይዘረዝራል፣ ከዚያ መልሱን ይነግራታል። አንድ ጊዜ የተሰጠ ከተማ አይደገምም። ለማያውቅ ልጅ የከተሞቹን ስም ቀድመው በቅደም ተከተል ይንገሩት፤ የጅማ መንገድ ከሆነ ሰበታ፣ ቱሉ ቦሎ፣ ወሊሶ፣ ወልቂጤ፣ ሳጃ፣ ሰኮሩ፣ አሰንዳቦ፣ ሰርቦ። ጉዞው ሲያልቅ ካርታ ሳያይ መንገዱን በቃሉ ይዞታል።

ለመጀመሪያ የሚሆኑ፦ «ከብት ጋር ወንዝ ትወርዳለች፣ ውሃ ሳትጠጣ ትመለሳለች» (ቃጭል)። «ቀን ከሌት ይሄዳል፣ ቤቱ አይደርስም» (ወንዝ)። «እግር የለው፣ አገር ላገር ያገናኛል» (መንገድ)። «አፍ የላት፣ ሰው ከመንገድ ታስነሳለች» (የመኪና ጡሩምባ)። የተዘጋጀው ሲያልቅ በመስኮት የሚታየውን ነገር ወደ እንቆቅልሽ መለወጥ ይጀምሩ፤ የሚከብደውና የሚጣፍጠው ይሄኛው ነው። ድምፅ ዝቅ ይበል፤ ግን ብዙ አይጨነቁ፤ ጎን ያሉት ተሳፋሪዎች መልሱን ሹክ ማለት ከጀመሩ ጨዋታው የአውቶቡሱ ሆኗል።

ደብተሩና ክሩ

በካሬ ደብተር ላይ ነጥብ 6 በ6 ያድርጉ። ተራ በተራ ሁለት ነጥብ በመስመር ያገናኛሉ፤ ሳጥን የዘጋ የስሙን ፊደል ይጽፍበትና ይደግማል። 25 ሳጥን ስለሚወጣ አቻ የለም፤ ለዚህ ነው 6 በ6 የተመረጠው። እርሳሱ አጭርና ጫፉ የደነዘ ይሁን፤ ፍሬን ሲያዝ ረጅም የተቀረጸ እርሳስ ዓይን ያሰጋል። ሰም ያለበት ባለ ቀለም እርሳስ ሙቀት ውስጥ ቀልጦ ቦርሳውን ስለሚያበላሽ ቤት ይቅር።

ክሩ ሁለት ልጆች በጣታቸው ቅርጽ እየሠሩ ለሚቀባበሉት ጨዋታ ነው። 3 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥጥ ይሁን፤ ናይሎን ያንሸራትታል። ጫፎቹን ቋጥረው ቀለበት ያድርጉት። ከሁለቱ መዳፍ ጀርባ ያጥልቁ፣ አውራ ጣት ውጭ ይቅር፤ በእያንዳንዱ መዳፍ ላይ አንድ ዙር ይጠምጥሙ። የቀኙ መሐል ጣት በግራ መዳፍ ላይ የሚያልፈውን ክር ከሥሩ ያንሳ፤ የግራውም በቀኙ ላይ እንዲሁ። እጅ ሲራራቅ በሁለት ቦታ መስቀለኛ ይታያል። ሁለተኛው ተጫዋች መስቀለኞቹን በአውራና በጠቋሚ ጣቱ ቆንጥጦ ወደ ውጭ ይስባል፣ በጎን ካሉት ክሮች ሥር አሽሎክሉኮ በመሐል ወደ ላይ ያወጣል፤ ያኔ የመጀመሪያው ይለቃል። ክሩ ጠፍጣፋ ሆኖ በሁለተኛው እጅ ካልቀረ መስቀለኛው ላይ ሳይሆን ከመስቀለኛው በላይ ተይዞ ነበር ማለት ነው። ይህ ቀለበት አንገት ላይ እንዳይገባ አዋቂ አጠገብ ሲኖር ብቻ ይውጣ።

ምሳ ላይ ቅልብልቦሽ ነው። አምስት ጠጠር ከቤት ይዘው ይሂዱ፤ መናኸሪያ ውስጥ ልጅ ጠጠር ለመልቀም ጎንበስ ሲል ወደ ኋላ የሚመለስ መኪና ሾፌር አያየውም።

የጅማው መንገድ፣ ለምሳሌ

ከአዲስ አበባ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። አውቶቡሱ ማልዶ ስለሚነሳ እስከ ቱሉ ቦሎ ቦርሳው አይከፈትም፤ ልጆቹ ይተኙ። የተኛን ልጅ ለጨዋታ አይቀስቅሱ። ነግቶ ሜዳው ሲገለጥ የመስኮት ካርዱ ይወጣል። ከወሊሶ በኋላ ቀጥ ባለው መንገድ ዳማ። ወልቂጤ፣ 155 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ፣ ሰሌዳው መሰብሰብ አለበት፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ጊቤ ሸለቆ ቁልቁለት ይመጣል። ያልተጨረሰው ዳማ አይፈርስም፤ ቬልክሮው ስለያዘው እንዳለ ከረጢት ይገባል። በቁልቁለቱና በዳገቱ እንቆቅልሽ ብቻ፤ ሎሚውም ያኔ ይሸተታል። ሸለቆው ውስጥ ስለሚሞቅ ውሃ ይስጧቸው፣ ግን ጥቂት ጥቂት። ወደ ሳጃ ሲወጡ የቃል ሰንሰለት። ከሰኮሩ እስከ ጅማ መንገዱ በኮረብታ መሐል ስለሚዞር ሰሌዳ መልሶ ለማውጣት አይቸኩሉ፤ የካርዱን የቀረ ምላስ መጨረስ ይሻላል።

አንድ ጨዋታ ከ40 ደቂቃ በላይ አይሂድ። ልጆቹ ገና «አንዴ ብቻ!» እያሉ ያንሱት፤ ሰልችቷቸው የጣሉትን በመልስ ጉዞ አይነኩትም።

ቤት ሲገቡ ይቁጠሩ። የጎደለ ቁልፍ ከመጠባበቂያው ይተካል። የቬልክሮውን ሻካራ ፊት በአሮጌ የጥርስ ብሩሽ ያጽዱ፤ መያዝ ያቆመው አርጅቶ ሳይሆን ክር ሞልቶበት ነው። ባቄላውን ለሚቀጥለው ጉዞ አያስቀምጡ፤ ይነቅዛል። የመስኮቱን ካርድ ደግሞ ከመመለስዎ በፊት ጠርዞቹን ያለዋውጡ፤ ሲሄዱ በግራ የታየው ሲመለሱ በቀኝ ነው።